ኳስ የቆመ ሰሞን

እሑድ 3

ዛሬ ጨዋታ አልነበረም። ተጫዋቾቹ አድማ መትተዋል። የሰማሁት ስታዲየሙ ደጃፍ ደርሼ ነው፤ በሩ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፣ ማኅተም እንኳ የላትም። "እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ድረስ" ትላለች። ጡሩምባ ጮክ ብሎ ሦስት ጊዜ አነበባት። በአራተኛው የምትለወጥ መስሎት ይሆናል። (ጡሩምባ ከፊታችን ረድፍ የሚቀመጠው ሰውዬ ነው። ይኸው አሥራ ምናምን ዓመት በጡሩምባው ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ እውነተኛ ስሙን አላውቀውም።)

ወንድሜም መጥቶ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፣ በዚህ ሙቀት አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ። አየኝ፣ አየሁት። ኳስ ስለሌለ የምንባባለው ነገር የለም። እሱ ሽቅብ ሄደ፣ እኔ ቁልቁል።

ባለቤቴ "ምነው በጊዜ መጣህ?" አለችኝ።

"አድማ።"

"ምን ጎደላቸው?"

እኔስ የምለው ይህንኑ አይደል!

ሰኞ 4

ጎደለን የሚሉትን በሬዲዮ ሰማሁ። ተጫዋች ተጎድቶ ሦስት ወር ከተኛ ክለቡ ውሉን መቅደድ ይችላል የሚል አንቀጽ አለ፤ እሱ ይሰረዝልን ነው። የማኅበራቸው መሪ የእኛው በረኛ ነው። ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው፣ እንደ አስተማሪ። እሺ፣ ይሁን። ግን እኛ ደጋፊዎቹ ምን በደልን? ክለብና ተጫዋች ሲጣሉ ቅጣቱ ለምን እኔ ላይ ይወርዳል? ደሜ ፈላ።

ዛሬ ሥራ ላይ ስድስት ሊፍት ፈተሽኩ። አምስቱ ደህና ናቸው።

ረቡዕ 6

እራት ላይ ባለቤቴ "ለምን ዝም ብለህ ቤቱ አትሄድም?" አለች። የማን ቤት እንደሆነ አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ለራሴም ቢሆን ልጻፈው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ከተኳረፍን ስድስት ዓመት ሆነን። እንነጋገራለን፤ ግን ኳስ ሜዳ ብቻ፣ ስለ ኳስ ብቻ፣ ያውም ሳንተያይ። ከመጣላታችን በፊት ጎን ለጎን የያዝናቸው የዓመት ወንበሮች አሉን፣ አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ። እሱ ይልቀቅ ብዬ እኔ ጠበቅኩ፣ እኔ እንድለቅ እሱ ጠበቀ። የአንድ እናት ልጆች ነንና ማንም አልለቀቀም።

የመጀመሪያውን ዓመት ትንፍሽ ሳንል ጨረስነው። በሁለተኛው ዓመት ግራ ተከላካያችን በገዛ ጎሉ ላይ አገባ። ወንድሜ ወደ ሜዳው እያየ "ይሄ ሰውዬ ዛሬ እግሩን ቤቱ ረስቶ ነው የመጣው" አለ። እኔም ወደ ሜዳው እያየሁ "ኧረ ግራውን ብቻ ነው የረሳው፣ በቀኙማ ይኸው አገባ" አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነን። ሰላምታ የለም፣ ስንብት የለም፣ ዘጠና ደቂቃ ግን እንደ ጉድ እናወራለን። ልጁን መዳሩን የሰማሁት እረፍት ሰዓት ላይ ለጡሩምባ ሲነግረው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዋንጫ የበላን ዓመት፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል ሲገባ ተቃቀፍን። ኳሱ መሐል ሜዳ ሲመለስ ሁለታችንም ኮታችንን አራገፍን።

እነዚህ ሰዎች የዘጉብኝ ይህችን ነው። ለምን እንደተጣላን ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ አሁን ደክሞኛል።

እሑድ 10

ጨዋታ የለም። ሸሚዜን ተኮስኩ። ለምን እንደተኮስኩ እንጃ።

ማክሰኞ 12

ባንኩ ሕንፃ ላይ የሊፍቱን በር ሐዲድ ስጠርግ ሁለት ሰዎች ስለ አድማው "ሲጠግቡ እኮ ነው" እያሉ አለፉ። "እውነታችሁን ነው" አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ወለል የምትወለውለው ሴትዮ ቀና ብላ "አንተ ደግሞ የክለቡ ባለቤት ነህ እንዴ?" አለችኝ። ሐዲዱን መጥረግ ቀጠልኩ። ቀኑን ሙሉ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ሐሙስ 14

ዛሬ ሆስፒታል ነበርኩ፣ ለሥራ።

እዚያ ሁለቱ ሊፍቶች በአንድ ጉድጓድ ጎን ለጎን ነው የሚወጡ የሚወርዱት። አንዱን አጥፍቼ፣ የራሱ የሊፍቱ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብዬ ሐዲዱን ቅባት እቀባለሁ። ብቻዬን ነኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሌላኛው መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ በሩም እንደ ልማዱ አልከፈት አለ (ሁለት ጊዜ ጽፌ አመልክቻለሁ)። ውስጥ ያሉት ሲያወሩ ቃል በቃል ይሰማኛል።

"ስንከፍተው ነው የምናውቀው ነው ያለው" አለች ሴትዮዋ። "ዕጢውን እናወጣለን፣ ስለ ድምፁ ግን ቃል አንገባም፣ ሊጠፋ ይችላል አለ። ሰምተኸዋል አይደል?"

"ሰማሁ። ያመመኝ ጉሮሮዬን ነው እንጂ ጆሮዬን አይደለም።"

ወንድሜ ነው፣ ከሚስቱ ጋር። ድምፁ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻክሯል፣ ግን እሱ ነው። ሌላ ማን እንዲህ ይመልሳል?

"የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው እኮ ቀጠሮው። ለወንድምህ ንገረው።"

"የት አግኝቼው?"

"ቤቱን አታውቀውም?"

"ኳስ ቆሟል" አለ ወንድሜ።

በሩ ተከፈተና ሄዱ። በመሐላችን የሁለት ክንድ ያህል ርቀት ነበር። ልጠራው እችል ነበር። ብሩሹን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ።

ከቀጠሮው በፊት ሦስት እሑዶች አሉ። ኳስ ያለባት አንዷ ትበቃኛለች።

ዓርብ 15

የተጫዋቾቹ ማኅበር ቢሮ ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሳች። የሆዴን ሁሉ ተናገርኩ፤ ስለ ወንድሜ ግን ምንም አላልኩ።

"አስተያየትዎን መዝግበናል" አለችኝ።

"ምን ብለሽ መዘገብሽው?"

"'ደጋፊ፤ ተቆጥተዋል።'"

እሑድ 17

የለም። ሁለት ቀሩ። ጡሩምባ ደውሎ "ወንድምህ ደህና ነው?" አለኝ። "እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?" አልኩት። ካልኩት በኋላ ቆጨኝ።

ረቡዕ 20

ዛሬ የሠራሁትን ሥራ በሠላሳ ዓመት ሠርቼ አላውቅም። በዝርዝር ልጻፈው፣ ለማንም የምነግረው አይደለምና።

አራት ሰዓት ላይ ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሕንፃ ተደወለ፤ ሊፍት በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መሐል ቆሞ ሁለት ሰው ይዟል። በረርኩ። ጥበቃው በር ላይ ተቀበለኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "የክለቡ ሊቀመንበርና በረኛው ናቸው" አለኝ። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ለድርድር እየወጡ ነው። ጠበቆቹ ሁሉ በደረጃ ሲወጡ እነሱ ሁለቱ ብቻቸውን ገብተዋል።

ይህ ሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሞተሩን ፍሬን ለቀቅ፣ መሪውን በእጅ ዞር ዞር አድርጎ ሊፍቱን ፎቅ ላይ ማሳረፍ ነው። ጣሪያ ላይ ወዳለው የሞተር ክፍል ወጣሁ። መሪውን ያዝኩ። ከዚያ ለቀቅኩት።

አሰብኩ። እዚያ ሳጥን ውስጥ ጠበቃ የለም፣ ጋዜጠኛ የለም፣ ጠረጴዛ የለም። ሁለት ሰው ነው። ትንሽ ቢቆዩ አይስማሙም? ዛሬ ከተስማሙ እሑድ ኳስ አለ። በመገናኛው "ጌቶቼ፣ ትንሽ ይታገሱ፣ ዕቃ እየመጣ ነው" አልኩና የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ተቀመጥኩ። የሚመጣ ዕቃ አልነበረም።

መጀመሪያ ዝም አሉ። በአሥረኛው ደቂቃ ገደማ ዝግ ያለ ወሬ ተሰማኝ። በሃያኛው አንዱ ሳቀ! እሰይ አልኩ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። በሠላሳኛው ሊቀመንበሩ መጮህ ጀመሩ። አሁን ላውርዳቸው አልኩ፤ ደግሞ ይበርድላቸው ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። አርባ ደቂቃ ሞላ።

ሊፍቱን ፎቅ ላይ አሳርፌ በሩን ስከፍት ሊቀመንበሩ በላብ ርሰው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። በረኛው ጃኬቱን አንጥፎላቸው በወረቀት ያራግባቸዋል። ተነሥተው "ሁለተኛ ከእነዚህ ጋር አንድ ክፍል አልገባም!" ብለው ወጡ። በረኛው ግን ዞር ብሎ "እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ደከሙልን" አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

የማታው ዜና፦ "ሊቀመንበሩ በደረሰባቸው እንግልት ድርድሩ ላልተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል። ሊፍቱን ሆን ብለው ያስቆሙት ተጫዋቾቹ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ጥርጣሬ አለ።"

የሥራ ሪፖርቴ ላይ "የቴክኒክ ብልሽት" ብዬ ፈረምኩ።

ዓርብ 22

ክለቡ እሑድ ጨዋታ አለ ብሏል። ከታዳጊ ቡድኑና ከየትም በለቃቀማቸው ልጆች ያጫውታል። ተጫዋቾቹ "ደጋፊ ካከበረን አይግባ" ብለዋል። እኔ ማክበር አለማክበር ውስጥ የለሁበትም። ኳስ ካለ ወንድሜ ይመጣል። እሱ ከመጣ እናወራለን። ሌላ ምን አማራጭ አለው?

እሑድ 24

ሄድኩ።

በሩ ፊት ተጫዋቾቹ ተሰልፈው ቆመዋል፣ ዝም ብለው። ከመካከላቸው አንዱ በክራንች ነው። ባርኔጣዬን ዝቅ አድርጌ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። የሰደበኝ የለም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ረድፋችን ላይ እኔ ብቻ ነኝ። ወንበሩ ባዶ ነው። አሁን ይመጣል አልኩ፤ ተጀመረ። እረፍት ላይ ይደርሳል አልኩ፤ እረፍቱም አለቀ። ሜዳው ላይ ያየሁትን ኳስ ማለት ይከብደኛል፤ ሃያ ሁለት ሰው የጠፋ ሳንቲም የሚፈልግ ነው የሚመስለው። አንዱ የእጅ ውርወራውን ለዳኛው ወረወረለት። "ይሄ ክለብ ዳኛውንም አስፈርሞታል" አልኩ ወደ ሜዳው እያየሁ። የሚመልስልኝ አልነበረም።

ስወጣ አየሁት። ወንድሜ ከተጫዋቾቹ ጋር አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፣ ሻርፑን እንደጠመጠመ። ስገባም እዚያው ነበር ማለት ነው። ረጅም ጊዜ አየኝና ጀርባውን ሰጠኝ።

ታዲያ እሱ ምን አገባው? በገዛ ወንበሬ!

ማክሰኞ 26

ዛሬ እንኳ ልጻፈው።

ከስድስት ዓመት በፊት እኛም አድማ መትተን ነበር፣ እኛ የሊፍት ሠራተኞቹ። አንድ ጓደኛችን ብቻውን ሲሠራ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ እስኪመሽ ድረስ ያየው ሰው አልነበረም። ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ ማንም ብቻውን ጉድጓድ አይግባ፣ ሁለት ሁለት እንሁን። ወንድሜ ከፊት ከቆሙት አንዱ ነው። ስምንት ቀን ቆምን። በዘጠነኛው ቀን እኔ ገባሁ።

ባለቤቴ ታማብኝ ነበር። ጉንፋን ነው፣ ግን ታማለች። ያልገባ ይሰናበታል የሚል ደብዳቤም ደርሶናል። የማሳድጋቸው ልጆች ነበሩኝ። እርግጥ ሁሉም ሰው ልጆች ነበሩት። ከእኔ በኋላ ሌሎችም ገቡና በሦስት ቀን ውስጥ ነገሩ ፈረሰ። አንገባም ያሉት አራቱ ተባረሩ። ወንድሜ አሁን ከመታጠቢያ ቤቴ የማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ይቀርጻል።

እኔ እስከ ዛሬ ጉድጓድ የምወርደው ብቻዬን ነው። ነገሩ ይኸው ነው። ባለቤቴ መብራቱን አጥፋ እያለች ነው።

እሑድ 1

ዛሬም እነዚያው ልጆች ተጫውተዋል አሉ። አልሄድኩም። በእግሬ ስዞር ቆይቼ የወንድሜ ሱቅ ጋ ደረስኩ። እሑድ ስለሆነ ዝግ ነው። እንደሚዘጋማ አውቅ ነበር፤ አውቄ ነው የሄድኩት። እሑዶቹ አለቁ።

ሰኞ 2

የወንድሜ ሚስት ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች። እስከ ሞተር ክፍሉ ሰባት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ።

"እሱ አልላከኝም" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ረቡዕ ይተኛል፣ ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይገባል። ጉሮሮው ነው፣ ዕጢ። ድምፁ..."

"ሰምቻለሁ።"

"ከማን ሰማህ?"

"ሰምቻለሁ አልኩሽ።"

አየችኝ። "ሰምተህ ነው ዝም ያልከው? በል ደግ። እኔ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሰው ትሆናላችሁ ብዬ ስጠብቅ ጠጉሬ ሸበተ" ብላ ተመልሳ ወረደች። ሊፍቱ ይሠራል እኮ አላልኳትም።

ረቡዕ 4

ሄድኩ። የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ሰው ከጠየቀኝ ለሊፍቱ ነው የመጣሁት። ማንም አልጠየቀኝም።

ወንድሜ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ቦርሳውን አየና "ሊፍቱ ተበላሸ?" አለ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

"አልተበላሸም።"

"እና?"

"እና መጣሁ።"

ሚስቱ ውኃ ልግዛ ብላ ወጣች፣ ራስጌው ላይ ሁለት ጠርሙስ እያለ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ወደየት እንደማይ ጠፋኝ፤ ሜዳ የለም። ግድግዳውን አየሁ። እሱም ግድግዳውን አየ። ከዚያ ስለዚያ የቆመ ሊፍት፣ ስለ ሊቀመንበሩና ስለ አርባው ደቂቃ ነገርኩት። የሚመጣ ዕቃ እንዳልነበረ ጭምር።

መጀመሪያ አላመነኝም። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ ሳል እስኪለወጥ ሳቀ። "አንተ ነህ በለኛ ድርድሩን ያፈረስከው! እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን ክለቡን እንረግማለን!" ዓይኑን ጠረገ። "ምን ነካህ?"

"ከሐሙስ በፊት አንድ ጨዋታ እንዲኖር ብዬ።"

ሳቁን አቆመ።

አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ። "ያኔ በዘጠነኛው ቀን" አልኩት፣ "ለሰው ሁሉ ሚስቴ ታማ ነው እላለሁ። ፈርቼ ነው። ሌላ ምንም አልነበረም።"

"አውቃለሁ።"

ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መሰለኝ።

"እኔም ያን ቀን ልገባ ነበር" አለ።

"ምን?"

"ቱታዬን ለብሼ መጥቼ ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ጎማ ቤት ጥግ ቆሜ ሰው እስኪያልፍልኝ እጠብቃለሁ። አንተ አንገትህን ደፍተህ ስትገባ አየሁህ። ከዚያ እንዴት ልግባ? ታላቅህ አይደለሁም? ፊቴን አዙሬ ወደ ጓደኞቼ ተመለስኩ።" መተንፈስ ነበረበት። "ይኸው ስድስት ዓመት ጀግና ነህ እባላለሁ። ቀድመኸኝ ስለገባህ ነው የጠላሁህ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

የተሰማኝን ልጽፍ ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩ። ተናደድኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ጀርባውን ሲሰጠኝ! ደግሞም ደረቴ ቀለለኝ። ደግሞም አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ፤ ግድግዳውን እያየን። ነርሷ ገብታ ሰዓት አልቋል አለችን። እጁን ያዝኩት፣ ያዘኝ። በሩ ጋ ስደርስ "ቦርሳህን ረሳኸው" አለኝ።

ሐሙስ 5

ሦስት ሰዓት ላይ አስገቡት። አምስት ሰዓት፣ ምንም። ስድስት ሰዓት፣ ምንም። የወንድሜ ሚስት እጄን ይዛ ጣቴን ልትሰብረው ደረሰች። ሰባት ተኩል ላይ ሐኪሙ ወጣ። ነፍሱ ተርፋለች፣ ዕጢው ወጥቷል። ድምፁን ማትረፍ አልቻሉም።

ከአንደበቱ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር ስለ ቦርሳ ነው።

ዓርብ 6

ለስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ሪፖርት ጽፌ ላክሁ። "ሊፍቱን ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ ተጫዋቾቹ የሉበትም" ብዬ። አለቃዬ ሰኞ ወደ ቢሮዬ ና ብሎኛል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ "አበድክ?" አለች፤ ከዚያ ሻይ አመጣችልኝ።

እሑድ 8

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ጋ ነበርኩ። ጉሮሮው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ መጻፊያ ደብተርና እርሳስ ሰጥተውታል። ጎኑ የተኙት ሽማግሌ ሬዲዮ ከፍተዋል። ጩኸት ሰማሁ። የሜዳ ጩኸት ነው።

"ምንድነው አባባ?" አልኳቸው።

"ኳስ ነዋ! አድማው አለቀ አይደል፣ ከትናንት ወዲያ። አንቀጹን ሰረዙላቸው። አልሰማህም?"

አልሰማሁም። ቀን ስቆጥር የከረምኩት ሰውዬ አልሰማሁም። ስልኬ ጮኸ፣ ጡሩምባ ነው፦ "የት ናችሁ ሰዎች! ሁለቱም ወንበር ባዶ ነው!" ከኋላው የዚያ የፈረደበት ጡሩምባ ድምፅ ይሰማል፤ ለሌላ ሰው አውሶት ነው መሰለኝ። መልሼ እደውላለሁ አልኩት።

ሬዲዮው እኛ አንድ ለዜሮ እየመራን መሆኑን ተናገረ። ወንድሜም ደስ እንዲለው ወንበሬን ወደ ሬዲዮው አዞርኩና "ማን ይሆን ያገባው?" አልኩ፣ እንደ ድሯችን። ዞር ስል ደብተሩ ላይ እየጻፈ ነው። ገልብጦ አሳየኝ።

"አስቀንሰው። አንተ አውራኝ።"

"ገና ሁለተኛው አጋማሽ እኮ ነው።"

ከሥሩ ጨመረ፦ "ስለ ሌላ ነገር።"

ሽማግሌውን ለመንኳቸው። ቅር እያላቸው ቀነሱልን። ወንድሜ ትራሱን አስተካክሎ ፊት ለፊት አየኝ። ስድስት ዓመት ነው፣ ከየት ይጀመራል? በመጨረሻ ከጉልበቴ ጀመርኩ፤ መሰላል ላይ ስወጣ እየከዳኝ እንደሆነ፣ ለባለቤቴም ለአለቃዬም እንዳልተናገርኩ፣ አንዳንድ ጠዋት ወደ ጉድጓድ ለመውረድ እንደምፈራ። ይህን ብዬ ቆምኩ። ወንድሜ እርሳሱን አስቀመጠና በእጁ ቀጥል አለኝ።